ባሌን የቀማኝ ሐዲድ

ሌላዋ ሴት በጎረቤቷ ትቀናለች፤ እኔ የጀመርኩት በባቡር ነው። የቦንጋ ልጅ ነኝ፤ ሥራ የያዝኩት ግን ድሬዳዋ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነበር። እዚያ ያገባሁት ሰው ሐዲድ ጠጋኝ ነው። በሳምንት አራት ቀን፣ አንዳንዴም ስድስት፣ ከጓደኞቹ ጋር በረሃ ውስጥ ድንኳን ተክሎ ይሰነብትና ሲመለስ ስለ እኔ ደኅንነት ከመጠየቁ በፊት ስለ አንድ የላላ ችንካር ያወራልኛል። "አንቺ፣ ባየሽው!" ይላል ዓይኑ በርቶ። ምኑን ነው የማየው? ብረት ነው። በኋላ ባቡሩ ዛሬ ሄደ፣ ነገ ቆመ መባል ሲጀምር የጓደኞቹ ሚስቶች አዘኑ፤ እኔም አብሬ ከንፈሬን መጠጥኩ። በሆዴ ግን እልል እያልኩ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እናቴ ስትታመም ዝውውር ጠይቄ ወደ አገሬ ተመለስኩ። እሱም ሥራው ጨርሶ ሲቀዘቅዝ ተከተለኝ። አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ የብረት ሳጥን መሣሪያ ይዞ መጣ፤ ሳጥኑ ከሻንጣው ይከብድ ነበር። እናቴ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ልጅ አልሰጠንም። ስለዚህ ያ ሰው በዚህ ዓለም የቀረኝ አንድ ሰው ነበር፤ አሁን ደግሞ የሚወስድብኝ በረሃም ባቡርም የለም፤ እፎይ አልኩ።

የእኔ ብቻ ሆኖ ግን ምን እንደሚሠራ አላወቀም። የቆላ ሰው ነው፤ የእኛን አገር ዝናብ አልቻለውም። ጧት ተነሥቶ በረንዳ ላይ ይቀመጥና "ይሄ ሰማይ ቧንቧው ተበላሽቷል እንዴ አቦ?" ይላል። ከቢሮ ስመለስ እዚያው ወንበር ላይ አገኘዋለሁ። ጎረቤቶቼ "እንዴት ያለ ጨዋ ባል ነው፤ ከቤት አይወጣ፣ ከሰው አይደርስ" እያሉ ያመሰግኑልኝ ነበር። ሰውዬው እየደረቀ መሆኑን አላየሁም ብል ውሸት ነው። አይቻለሁ። ግን እዚሁ አጠገቤ ነበርና የሚደርቀው፣ ቻልኩት።

እንዲህ ሁለት ዓመት ያህል ከቆየን በኋላ አንድ ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ መንደር ለቅሶ ይዤው ሄድኩ። ከለቅሶው ቤት አጥር ማዶ ትምህርት ቤት አለ። ዘበኛው ደወሉን ሲመታ ባሌ ስሙን የጠሩት ይመስል ብድግ አለ።

"ይሄ ሐዲድ ነው" አለኝ።

"ደወል ነው፤ ቁጭ በል፣ ሰው ያየናል" አልኩት።

"ሐዲድ ነው እልሻለሁ!"

ለቀስተኛውን ጥሎ ወጣ። ተከትዬው ስደርስ ዛፍ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለውን ጥቁር ብረት በመዳፉ ሲዳብስ አገኘሁት። ብረቱን ልክ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚነካ ነበር የነካው። እኔን እንደዚያ ከነካኝ ስንት ጊዜ ሆኖት ይሆን ብዬ እዚያው ቆሜ አሰላሁ፤ ሒሳቡ ደስ አላለኝም።

ዘበኛው ሽማግሌ ነበሩና የነገሩን ምንጭ አወጉት። በንጉሡ ዘመን አንድ የውጭ አገር ሰው እዚያ ጫካ ውስጥ እንጨት ያሰነጥቅ ነበር። ግንዱን ከጫካው ወደ መኪናው መንገድ የሚያወርድበት ቀጭን ሐዲድ ዘረጋ፤ ሞተር የሌለው፣ በሰው ጉልበት የሚገፋ ፉርጎ የሚሄድበት። ደርግ መጥቶ መሰንጠቂያው ተወረሰ፣ ቆየት ብሎም ተዘጋ፤ ሐዲዱን ጫካው ዋጠው። ባሌ ይህን ሲሰማ ወደ እኔ ዞረና "አንቺ የዚህ አገር ልጅ አይደለሽም እንዴ? አታውቂም ነበር?" አለኝ።

አውቅ ነበር። ልጅ ሆነን እንጆሪ ለቀማ ስንሄድ ብረቱ እየጠለፈ ይጥለን ነበር። "ረስቼው ነው" አልኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ በረንዳ ላይ ስለ ሐዲድ ሲያወራ እየሰማሁ እንዴት እንደምረሳው አልጠየቀኝም። እሱ እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም።

ወሬው በአንድ ሳምንት ተዳረሰ። የዚያ መንደር ገበሬዎች የቡናና የማር ማኅበር አላቸው፤ ቡናውን፣ ኮረሪማውንና ማሩን በጭቃ ላይ በጀርባ ተሸክመው ነው መኪና መንገድ የሚያደርሱት። ሐዲድ የሚያውቅ ሰው ከተማ ውስጥ መኖሩን ሲሰሙ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላኩብኝ። እውነቴን ነው፤ ሦስት ሽማግሌዎች ልክ ልጃገረድ እንደሚጠይቁ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ደጄ ላይ ቆሙ። "ግቡ" ብላቸው "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ። ከዚያ ትልቁ ጉሮሮአቸውን ጠርገው "ልጃችን፣ ባልሽን ስጪን" አሉኝ።

ባሌ ከበስተኋላዬ ሳቁን አፍኖ ይንፈቀፈቃል። እኔ ግን አልሳቅሁም። ከሽማግሌዎቹ ኋላ ጃንጥላ የያዘች አንዲት ሴት ቆማ ነበርና እሷን እያየሁ ነበር።

የማኅበሩ ጸሐፊ ናት። ባሏ ሞቶባታል። በእኛ አገር ሴት ቀፎ ለመስቀል ዛፍ አትወጣም፤ እሷ ግን ትወጣለች፤ አባቷ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ያስተማሩት እሷን ነው። በአካባቢው ባለቀፎዋ ነው የምትባለው። ቁመናዋ የሚያስቀና ነው፤ እጇ ሻካራ፣ ሳቋ ረጅም። የባሌን ሳቅ ሰምታ እሷም ሳቀች። ሁለቱ ሳይተዋወቁ፣ በእኔ ደጅ፣ በእኔ ላይ አብረው ሳቁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጠርጥሬያለሁ።

ሽማግሌ ደግሞ እምቢ አይባልም። ሰጠሁ።

ከማግስቱ ጀምሮ ባል አልነበረኝም ብል ይቀለኛል። ጎህ ሲቀድ የብረት ሳጥኑን በበቅሎ አስጭኖ ይሄዳል፤ ሊመሽ ሲል እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ፣ እየዘፈነ ይመጣል። ዝናቡንም መርገም ተወ። መንደርተኛው በደቦ ወጥቶ ቁጥቋጦውን መነጠረ፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ሰው የማያቅፈው ዛፍ በቅሎ የተገኘበት ቦታ ነበረ አሉ። ከሐዲዱ ግማሽ ያህሉ ደግሞ በቦታው የለም፤ ባለፉት ዓመታት ሰው እየፈታ ወስዶታል። አንዱ የጎተራ እግር አድርጎታል፣ ሌላው የወንዝ መሻገሪያ፣ ሌላው የበር መቃን። ባሌ ቤት ለቤት እየዞረ ይለምን ጀመር። የአገራችንን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ ስለማይችል የምትለምንለት እሷ ናት። እሷ ባለቤቱን ታግባባለች፣ እሱ ብረቱን በመዶሻ መታ አድርጎ ጆሮውን ይሰጣል፤ በድምፁ ስንጥቅ ያለበትንና የሌለበትን ይለያል። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ አይቼ አይደለም። እራት ላይ ነው የሰማሁት።

እራት ላይ የማልሰማው ነገር አልነበረም። "ያቺ ሴት ዛሬ ምን አለች መሰለሽ..." "ያቺ ሴት እኮ መለኪያውን በአንድ ቀን ለመደችው..." አንድ ምሽት ቆጠርኩ፤ አንድ እንጀራ በልተን እስክንነሣ ስድስት ጊዜ አነሣት። ወጡ ጨው ይብዛው ይነሰው አልተናገረም። አንድ ቀን በቅል ማር ይዞ መጣ፤ "ላከችልሽ" አለኝ። ሳልቀምሰው ለጎረቤቴ ሰጠሁ። ጎረቤቴ በማግስቱ "እንዲህ ያለ ማር በዕድሜዬ በልቼ አላውቅም፤ እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ልታመሰግነኝ መጣች።

"አንድ ቀን ነይና እይው" ይለኝ ነበር። "ጫማዬ ይበላሻል" እለዋለሁ። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ጠየቀኝ፤ ከዚያ ተወኝ። ስለተወኝም ተቀየምኩ።

ከሁሉ የጎዳኝ አንዲት ነጋዴ ገበያ ላይ የነገረችኝ ነው። ክፉ ልቦና አልነበራትም፤ የበርበሬዬን ዋጋ እየነገረችኝ በመካከሉ ጣል ያደረገችው ወሬ ነው። "ባልሽን አየሁት፤ ከባለቀፎዋ ጋር ትልቅ ብረት ተሸክመው ወንዝ ሲሻገሩ" አለችኝ። አንዱ ጫፍ በእሱ ትከሻ፣ ሌላው ጫፍ በእሷ። ወደ ቤት የሄድኩት በየት በኩል እንደሆነ አላስታውስም። እኔና እሱ በትዳር ዘመናችን አንድ ነገር አብረን ተሸክመን እናውቃለን? ከድሬዳዋ ሲመጣ ልቀበለው ወጥቼ እንኳ ሻንጣውን እሱ ያዘ፣ ጃንጥላውን እኔ። ያን ጃንጥላ ሳየው ዓይኔ ደም ለበሰ፤ ከአልጋ ሥር ወረወርኩት።

እንዲህ ሆኜ እያለ ነው ደብዳቤው የመጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሐዲዱ ሥር የሚጋደመው እንጨት፣ ባሌ "ትራቨርስ" የሚለው፣ የዱሮው ሁሉ በስብሷል። ሜዳ ሜዳውን በባሕር ዛፍ ተኩት። መታጠፊያው ላይ ግን ባሕር ዛፍ አይሆንም፤ ይጠማዘዛል፣ ችንካር አይዝም፤ የተጫነ ፉርጎ ሲታጠፍ ይገለብጠዋል። ጠንካራ የደን እንጨት ያስፈልጋል። ማኅበሩም በነፋስ የወደቁ ዛፎችን ከደኑ ለማውጣት ፈቃድ ጠየቀ። ፈቃዱን የሚሰጠው እኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ነው፤ ገቢ ደብዳቤ ተቀብዬ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ወደ ኃላፊው የምመራው ደግሞ እኔ ነኝ።

ባሌ ራሱ ይዞት መጣ። በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ "እትዬ፣ ገቢ ይደረግልኝ" ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። ተቀበልኩት። እሱ ሲሄድ ገለጥኩት። የእጅ ጽሑፉ የእሷ ነው፤ ያማረ፣ የተስተካከለ፣ መስመር የማይስት። ከታች ሁለት ስምና ሁለት ፊርማ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ የማኅበሩ ጸሐፊ እሷ፣ የሥራው አስተባባሪ እሱ። የእኔና የእሱ ስም ጎን ለጎን የተጻፈበት አንድ ወረቀት ብቻ ነው ያለን፤ እሱም የጋብቻ ወረቀታችን ነው።

ቁጥር አልሰጠሁትም። ከበስተኋላዬ ያለውን መደርደሪያ ከፍቼ "ሟች ሠራተኞች" በሚለው ቦክስ ፋይል ውስጥ ከተትኩት። ያንን ፋይል የሚከፍት የለም። ከዚያ እጄን አራግፌ የቀረውን ደብዳቤ መመዝገብ ቀጠልኩ።

"ምን ደረሰ?" ሲለኝ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" እለዋለሁ። በሳምንቱ "ምን ደረሰ?" ሲለኝ "ጠረጴዛቸው ላይ ነው።" በሌላው ሳምንት "ለሥልጠና አዋሳ ሄደዋል።" አንዱንም አልተጠራጠረም። ደግሞስ ማን ይጠራጠራል? በእኛ መሥሪያ ቤት ሁለት ወር መልስ ያጣ ደብዳቤ ብርቅ አይደለም። ክፋቴ ከተለመደው አሠራር ጋር ተመሳስሎ ተደበቀልኝ።

ሥራው ቆመ። ባሌ ወደ በረንዳው ተመለሰ። የፈለግሁት ይህንኑ አልነበር? ከቢሮ ስመጣ ወንበሩ ላይ አገኘዋለሁ፤ የእሷን ስም አያነሣም፤ አይዘፍንም። እራት ላይ ስለ ወጡ አስተያየት እንዲሰጥ ጠበቅሁ። "ጥሩ ነው" አለ፣ ሳይቀምሰው።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መሣሪያውን አንድ በአንድ በዘይት ጨርቅ እየወለወለ ሳጥኑ ውስጥ ሲደረድር አገኘሁት። ሻንጣው አጠገቡ ተከፍቷል።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"ድሬ ልሂድ። አንድ የዱሮ ጓደኛዬ ጋራዥ ከፍቷል።"

"እስከ መቼ?"

"እንጃ።" ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "እዚህ ምን አደርጋለሁ? ሰው በረንዳ ላይ ለመቀመጥ አይወለድም አቦ። ፈቃዱ እስከ ዓርብ ከመጣ እቆያለሁ፤ ካልመጣ እሄዳለሁ።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኔ ነኝ። ሐዲዱ ነበር እዚህ ያስቀመጠልኝ! በቀናሁበት ብረት ተይዞ ነበር ቦንጋ የከረመው፤ እኔ ብረቱን ስፈታው እሱም ተፈታ።

ሰኞ ጧት ደብዳቤውን ላወጣው ቢሮ ገባሁ። ፋይሉን ከፈትኩ፤ አወጣሁትም። መዝገቡን ገልጬ ግን እጄ ቆመ። ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን ከሁለት ወር በፊት ነው፤ ዛሬ ቁጥር ብሰጠው ማንም ያየ ሰው "የት ነበር?" ይላል። "ነገ" ብዬ መለስኩት። ማክሰኞም ነገ አልኩ። ፈሪ ነኝ፤ የፈሪ ቅናት ደግሞ ከደፋር ጥላቻ የባሰ ነው።

ረቡዕ ከሥራ ስመለስ በረንዳው ባዶ ነበር። ሊመሽ ሲል ጭቃ ለብሶ መጣ። አልዘፈነም። ደረጃው ላይ ተቀመጠና እንባውን በክንዱ ጠረገ።

"ቆረጠችው" አለኝ።

"ማን? ምኑን?"

"የአባቷን ዛፍ።"

የምን ዛፍ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሁሉ ያውቀዋል። ከቤቷ ኋላ በገዛ ግቢዋ የቆመ፣ ዕድሜው የማይታወቅ፣ ጥቁር እንጨት የሚባል ዛፍ ነው፤ አባቷም አያቷም ቀፎ የሰቀሉበት። በእኛ አገር የቀፎ ዛፍ ርስት ነው። ሰው መሬቱን ይካፈላል እንጂ የቀፎ ዛፉን አይቆርጥም፤ የቆረጠ ሲባልም ሰምቼ አላውቅም። በግቢዋ የበቀለ ስለሆነ የቀበሌ ወረቀት በቃትና የእኛን ቢሮ አላስፈለጋትም። ባሌ ድሬ ሊሄድ መሆኑን ሰምታ፣ ማንንም ሳታማክር፣ ሁለት ባለመጋዝ ሰዎች ጠርታ አስጣለችው።

"ንቦቹስ?" አልኩት።

"ሄዱ። ቀፎዎቹን ቀድማ አወረደቻቸው፤ ንቦቹ ግን አልቆዩም። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ሲሄዱ አየ።" ጭቃውን ከሱሪው እየፋቀ "እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም" አለ።

እኔም አላውቅም ነበር። ያ ነው ያቃጠለኝ። ደብዳቤውን ባልሸሽገው ኖሮ ሴትየዋ አንድ ጸሐፊ ሆና ትቀር ነበር፤ እኔ በገዛ እጄ ባሌ እስኪሞት የማይረሳት ሰው አደረግኋት። ሻንጣውን ያስፈታችልኝም እሷው ናት። የመሣሪያው ሳጥን በማግስቱ ተመልሶ በቅሎ ላይ ተጫነ። ተቀናቃኜ ባሌን አስቀረችልኝ፤ እኔ ደግሞ "አመሰግናለሁ" የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ነገሩ በዚህ ተዳፍኖ ይቀር ነበር፤ ግምገማ ባይመጣ። የዚያን ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ያውቀዋል። አዳራሽ ትገባላችሁ፤ ኃላፊው መድረኩን ይመራሉ፤ አንዱ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ ሁሉም እየተነሣ ሌላውን ይሄሳል፣ ቀጥሎ ራሱን ይሄሳል። በዚያ ዙር ደግሞ ባለድርሻ አካላት ይገኙ ተባለና ከየማኅበሩ ሰው ተጠራ። ባሌና ባለቀፎዋ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ጎን ለጎን፤ እንደ ደብዳቤው።

የመልካም አስተዳደር ችግር የሚለው ርዕስ ላይ ሲደረስ እሷ እጇን አወጣች። በተሰባበረ አማርኛዋ "እኛ ደብዳቤ አስገባን። መልስ የለም። እምቢ እንኳን የለም። ዛፌ ወደቀ። የት ሄደ ደብዳቤ?" አለችና ተቀመጠች።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞሩ። "መዝገብ ቤት?" አሉ።

መልስ ሳልሰጥ አንዱ ከኋላ "መቼም ተላላኪዋ ጥላው ይሆናል፤ ከዚህ በፊትም ችግር ነበረባት" አለ። ሌላውም ደገፈው። ተላላኪያችን ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው እናት ናቸው። ደብዳቤ ጥለው አያውቁም። ተነሡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ "እኔ አላየሁም ጌታዬ" አሉና ቆመው ቀሩ። ቃለ ጉባኤ ያዡ "የተላላኪዋ ዝርክርክነት" እያለ ሲጽፍ የብዕሩን ድምፅ ሰማሁ።

እግሬ ነው የተነሣው፤ እኔ አልተነሣሁም።

"እሳቸው አይደሉም። ደብዳቤው ሟች ሠራተኞች ፋይል ውስጥ ነው። የደበቅሁት እኔ ነኝ።"

ቃለ ጉባኤ ያዡ መጻፉን አቆመ።

"ለምን?" አሉ ኃላፊው። "ጉቦ ፈልገው ነው?"

"አይደለም።"

"የአመለካከት ችግር ነው? ፖሊሲውን ይቃወማሉ?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው? ራስዎን በግልጽ ይሄሱ እንጂ!"

"ቅናት ነው" አልኩ።

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ብቻውን ቀረ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ብዕሩን አንሥቶ "ጌታዬ፣ በየትኛው ሥር ላስገባው?" ብሎ ጠየቀ፤ ከምሩ ነው። ኃላፊው አሰቡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ "የሥነ ምግባር ጉድለት በለው" አሉ። ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠኝ፣ ከደገምኩ ሩቅ ገጠር ወዳለው ደካ እንድዛወር ተወሰነ። እኔ ግን የማየው ሦስተኛውን አግዳሚ ነው። ባሌ መሬት መሬት ያያል። እሷ እኔን ታያለች፤ ፊቷ ላይ ቁጣም ድልም አልነበረም። አዲስ ብረት ሲመታ የሚያዳምጥ ሰው ፊት ነበር።

ባሌ ሦስት ቀን አላናገረኝም። ምግቡን ይበላል፣ እጁን ይታጠባል፣ ይወጣል። በአራተኛው ቀን በር ላይ ቆሞ "ቅዳሜ ፉርጎው ይሄዳል። ነይ" አለኝ። ልመና አልነበረም።

ሄድኩ። ከልጅነቴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ሐዲድ ረገጥኩ፤ ጫማዬም እንደፈራሁት ተበላሸ። ጫካውን ሰንጥቆ የሚሄደውን መስመር ሳየው፣ እውነቱን ልናገር፣ ቆንጆ ነበር። መንደርተኛው ወጥቷል፤ ፉርጎው ላይ በጆንያ የተሞላ ቡና ተጭኗል። እሷን ራቅ ብላ፣ መታጠፊያው አጠገብ አገኘኋት። እዚያ የተጋደሙት እንጨቶች ከሌሎቹ ይጠቁራሉ፤ ፀሐይ ሲያርፍባቸው የሰም ሽታ አላቸው።

በካፊኖኖ፣ በእናቴ ቋንቋ፣ "በዛፍሽ ምክንያት የመጣሁት..." ብዬ ጀመርኩ።

አላስጨረሰችኝም። "ለባልሽ ብዬ የቆረጥኩት መስሎሻል?" አለችኝ።

ጭቃ የያዘ ጫማዬን አየሁ።

"ባል አልቸገረኝም። ቡና በጀርባዬ መሸከም ነው የሰለቸኝ። ሃያ ዓመት ተሸከምኩ፤ እናቴም ስትሸከም ሞተች። ባልሽ ይሄድ ይቆይ ለእኔ ምኔ ነው? ሐዲዱን የሚያውቀው እሱ ስለሆነ ነው።" ከዚያ ጎንበስ ብላ አንዱን ጥቁር እንጨት በመዳፏ ዳበሰችው። "ባልሽን ውሰጂው። ንቦቹን ግን ይቅር አልልሽም።"

ያን ያህል ወራት የተቃጠልኩበት ነገር ውስጥ እኔ አልነበርኩበትም። ጠላቷ እንኳ አልነበርኩም። ለእሷ ደብዳቤዋ የጠፋበት አንድ ቢሮ ብቻ ነበርኩ።

ፉርጎው ሊነሣ ሲል ባሌ እጁን አንሥቶ ሰዉን ዝም አሰኘ። በእነሱ ሙያ ደንብ ሐዲዱን የጠገነ ሰው በመጀመሪያው ጭነት ላይ ይቀመጣል አለ፤ ቢገለበጥ ከነሥራው እንዲገለበጥ። ጆንያው ላይ ወጥቶ ፍሬኑን ያዘ። አጠገቡ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ አለ። ዞር ብሎ ሕዝቡን ሲያይ እንደ ሙሽራ ቀሚሴን አስተካከልኩ። ስንት ነገር ሠርቼም እኔን እንዲጠራኝ ጠበቅሁ።

"ነይ፣ ውጪ" አለ። ለእሷ ነው።

ወጣች። ሰዉ እልል አለ። ሁለቱ በአንድ ጆንያ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልክ ነበር፤ ቦታው የእሷ እንደሆነ እዚያ ካለው ሰው ሁሉ አብልጬ የማውቀው እኔ ነኝ። ሆኖም ቀናሁ። ከባቡሩ ይልቅ፣ ከደብዳቤው ይልቅ፣ ከዚያ ሁሉ ቀን ይልቅ በዚያች ደቂቃ ቀናሁ፤ የምወቅሳት ነገር አልነበረምና ቅናቴ የሚያርፍበት ቦታ አጣ።

እስከ መታጠፊያው ሜዳ ነው፤ መገፋት አለበት። ከመታጠፊያው ወዲያ ቁልቁለት ነው፤ በራሱ ይሄዳል። ገፊዎቹ ትከሻቸውን ሰጡ፤ ጭነቱ ከበዳቸው፣ መንኰራኩሩ ንቅንቅ አላለም። ቦርሳዬን ሣሩ ላይ አስቀመጥኩ። በሁለት ሰዎች መካከል ገባሁና እጄን ብረቱ ላይ አደረግሁ። ቀዝቃዛ ነበር። አጠገቤ ያሉት አዩኝ፤ አንዱ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ እንጂ ማንም ምንም አላለም። ፉርጎው ሲጢጥ ብሎ ተነሣ። የእሱንና የእሷን ጀርባ ከታች እያየሁ፣ ጭቃው እየጠለፈኝ፣ እስከ መታጠፊያው ደረስን። ጥቁሩ እንጨት ላይ ስንደርስ ዘገየ።

"ከኋላ ጠበቅ አድርጋችሁ ግፉ!" ብሎ ጮኸ ባሌ፣ ሳይዞር።

ገፋሁ። ፉርጎው ታጠፈ፣ ከእጄ ወጣ፣ ሁለቱን ይዞ ቁልቁል ሄደ።